ሁለት መቶ ሜትር

እሑድ ጠዋት፣ የቁርሱ ሳህን ገና ሳይነሳ፣ ካፒቴን ከወንበሩ ተነሥቶ ጉሮሮውን ጠረገና ሰዓቱ ማላቡን ለቤተሰቡ አስታወቀ። በዚያ ቤት እንዲህ ያለ ድምፅ የሚሰማው ሰው ሲሞት ወይም የቤት ግብር ሲጨምር ብቻ ስለነበር ሁሉም ማኘኩን አቆመ። ካፒቴን ግራ እጁን ከቅቤውና ከማርማላታው መሀል አጋደመው። ልጁ አጎንብሳ አየች። እህቱ አጎንብሳ አየች። ጭረት በበዛበት መስታወት ሥር፣ ከመሙያው አጠገብ፣ ምስር የምታክል ጉም ተቀምጣለች።

"በዛሬ ቀን?" አለች እህቱ ደረቷን ይዛ።

"ሌላ ቀን አጥቶ!" አለ ካፒቴን። "ሰው በሚመጣበት፣ ዓይን በሚበዛበት ቀን!"

ከዚያ ሁሉም ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ዞሩ። እዚያ፣ አንድ እግሩ በተጣጠፈ ካርቶን በተደገፈ ወንበር ላይ፣ የእህቱ ባል ሰዓት ሠሪው ተቀምጦ ዳቦውን በሻይ ያርሳል። ወንበሩ የእሱ ነው። ሌላ ሰው ቢቀመጥበት ይወድቃል፤ እሱ ግን የት ላይ መደገፍ እንዳለበት በልምድ አውቆታል።

"እሑድ እኮ ነው ካፒቴን" አለ። "መለዋወጫ የሚሸጡት ሁሉ ዝግ ናቸው።"

"እኔ መቼ መለዋወጫ ሻጭ ጠየቅኩ? የቤት ሰው አለኝ ብዬ ነው።" ካፒቴን ተቀመጠና ሻዩን ፉት አለ። "ደግሞ ከምሳ በኋላ የዚያን ክፍል ነገር እንቋጫለን ተባብለናል አይደል?"

ያ ክፍል ማለት ከግቢው በር አጠገብ ያለችው የፊት ክፍል ናት። ግማሿ የሰዓት ሠሪው ሱቅ ነው፤ ከመጋረጃው ወዲያ ያለው ግማሽ ደግሞ አልጋው፣ ምድጃውና ሚስቱ። ኪራዩ ለዘመድ የሚሆን ነው፤ ለዘመድ መሆኑም በየወሩ ይነገረዋል። ሰሞኑን ግን የካፒቴን ልጅ የታጨችለት ወጣት ስልክ ሻጭ ነውና ክፍሉን ከውጭ ቆሞ አይቶ፣ "ለመንገድ እንዴት ይመቻል!" ብሎ አድንቋል። የሚቀጥለውን ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። ዛሬ የወጣቱ አባት ከልጁ ጋር ለትውውቅ ምሳ ይመጣል፤ ከምሳ በኋላ ካፒቴን አፉን ይከፍታል፤ ሰዓት ሠሪው ወይ ከነመጋረጃው ይቀራል፣ ወይ ከነመጋረጃው ይወጣል።

"እስከ ምሳ ይደርሳል" አለ፤ ሰዓቱን ተቀብሎም ወጣ።

ሰዓት ሠሪው ሰው ይንቃል። ይህን እንደ ጉድለት አያየውም፤ የሥራ ልምድ ነው የሚለው። ዓይኑ ላይ አጉሊ መነጽር ሰክቶ ዕድሜውን የሰው እድፍ ሲያይ የኖረ ሰው ነው፤ ወርቅ ቅብ እንጂ ወርቅ አስሮ የመጣ ደንበኛ እምብዛም አያስታውስም። ከሁሉ አብልጦ የሚንቀው ግን ካፒቴንን ነው። ካፒቴን መርከብ አዝዞ አያውቅም። ስሙን ማን እንዳወጣለት የሚያስታውስ የለም፤ ራሱ ሳይሆን አይቀርም። ታሪኩ ግን የታወቀ ነው። በወጣትነቱ፣ በትልቁ ሐይቅ ላይ ድልድይ ሲሠራ፣ መሐንዲሶቹ የሚወድቅባቸውን ብረት ከሐይቁ ወለል እየጠለቀ ያወጣላቸው ነበር፤ ጨርሰው ሲሄዱም ይህን የጠላቂ ሰዓት ሸለሙት። ሰዓት ሠሪው ባገባ ሰሞን ታሪኩን ሲሰማ ጥልቀቱ ዐሥር ሜትር ነበር። ዓመት ቆይቶ ሠላሳ ደረሰ። በኋላ አንድ እንግዳ በሰዓቱ ፊት ላይ የተጻፈውን "ሁለት መቶ ሜትር" ጮክ ብሎ ሲያነብ ሁለት መቶ ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ አልቀነሰም። ይህ ጠላቂ ታዲያ ገላውን ሲታጠብ ሰዓቱን ያወልቃል። ዝናብ ሲያካፋ ግራ እጁን ኪሱ ይከታል። አንድ ጊዜ የግቢው ቧንቧ ፈንድቶ ውሃው ቁርጭምጭሚት ሲደርስ፣ ጥገኛው ሁሉ በባልዲ ሲቀዳ፣ ካፒቴን አልጋ ላይ ወጥቶ ትእዛዝ ይሰጥ ነበር። ለማዘዙ ሲባል ስሙ እንደሚገባው ሰዓት ሠሪው ያኔ አምኗል።

ሱቁ ገብቶ መብራቱን አበራ፤ የሰዓቱን የጀርባ ክዳን በመፍቻ ነከሰና አዞረው። ክዳኑ ሲላቀቅ የውስጡ ጎማ ተከትሎት አልመጣም። ጎማ መሆኑ ቀርቶ የደረቀ ብስኩት ሆኗል፤ በወረንጦ ሲነካው ፍርፋሪው ጠረጴዛው ላይ ተበተነ። የመስታወቱ ጎማ ደግሞ እንደ አሮጌ ጥርስ ቢጫ ሆኖ ሁለት ቦታ ተሰንጥቋል። "ሁለት መቶ ሜትር!" አለ ለራሱ፤ በአፍንጫውም ሳቀ። ሞተሩን ነቅሎ በብርጭቆ ከደነው፣ አሮጌውን መስታወት ከውስጥ ወደ ውጭ በአውራ ጣቱ ገፍቶ አወጣው፣ ባዶውን የሰዓቱን ቤት በጥርስ ብሩሽ አጠበው። ከመሳቢያው ልኩ የሆነ አዲስ መስታወት ተገኘ፤ የክዳኑም የመስታወቱም ጎማ ተገኘ። በሲሊኮን ቅባት አሽቶ በየቦታቸው አስገባቸው፤ መስታወቱን በመጫኛው ቀስ ብሎ ሲያጠብቀው ቀጭ ብሎ ተቀመጠ። እጁ መልካም እጅ ነው፤ ማንም አይክደውም።

የቀረችው የመሙያዋ ጎማ ናት። የጉንዳን ቀለበት የምታክል ናት፤ መሙያው በሚገባበት ቱቦ ዙሪያ የምትቀመጥ። ጉሟ ከየት እንደገባች ያወቀው ገና ቁርስ ላይ ሳለ ነው፤ የገባችው ከዚያው ነው። ሣጥኑን በሙሉ ገልብጦ ፈለገ። ያለው ሁሉ ወይ ይሰፋል ወይ ይጠባል። ሌላ ደንበኛ ቢሆን "ሰኞ ና" ይለው ነበር። እዚህ ላይ አጉሊ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አሰበ። ይህ ሰው ሰዓቱን ከጤዛ የሚሸሽግ ሰው ነው። በዚህ ሰው እጅ ላይ ሆኖ ሰዓቱ ውሃ የሚያየው ሬሳው ሲታጠብ ነው፤ ያኔም ልጁ ቀድማ ታወልቀዋለች። አሮጌዋን ጎማ አወጣት፣ ጠረጋት፣ ገለበጣት፣ ቅባት አብዝቶ መልሶ ከተታት። መብራቱን አስጠጋበት። መስታወቱ ምንም እንደሌለ ሆኖ ጠራ።

ማሰሪያውን በጨርቅ ሲወለውል አንድ ነገር አየ። ካፒቴን የሚያስረው በመጨረሻው ቀዳዳ፣ ያውም ራሱ በምስማር በበሳው ነው። ቆዳው ግን ከድሮ ጀምሮ የተጎዳው በወዲያኛው ጫፍ ነበር፤ ከሁሉ በሚጠብቀው ቀዳዳ ዙሪያ ዘለበቱ ጥልቅ ጠባሳ ጥሎበታል። ለልጅ እጅ እንኳ ይጠብባል። "ካፒቴን፣ ያኔ ክር ነበርክ በለኛ!" አለና ወለወለው።

የካፒቴን ሚስት ሰዓቱን ልትቀበል ስትመጣ እንደ ወትሮዋ መግባቷ አልተሰማም። ትንሽ፣ ደረቅ፣ ዝምተኛ ሴት ናት፤ በዚያ ቤት እትዬ ትባላለች፣ ከዚያ በኋላ የሚከተለው "ውሃ አምጪ" ወይም "በሩን ዝጊ" ነው። ሰዓት ሠሪው እሷን አይንቃትም። ለመናቅም ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ሰዓቱን ወደ መብራቱ አንሥታ አየችው፤ ቀጥላ መሙያውን በአውራ ጣቷ ጥፍር ጠቅ አደረገችው።

"ጎማዎቹ ተለወጡ?"

"አዎ እትዬ፣ ሁሉም።"

"የመሙያውስ?"

"እንዴ እትዬ! እጄን ዛሬ ነው የሚያውቁት?" ብሎ ሳቀ። ሰው ከባሉ ጋር ሲኖር የባሉን ቃል ይለምዳል ብሎም አሰበ፤ በቀቀንም ይለምዳል። እሷ ሰዓቱን በመሐረብ ጠቅልላ ወጣች።

ምሳው ካፒቴን በመረጠው ሆቴል የአትክልት ቦታ ነበር። የመረጠውም ለመዋኛ ገንዳው ነው፤ ውሃ አጠገብ ሲቀመጥ ትከሻው ይሰፋል። ሣሩ ፕላስቲክ ነው። ጥላዎቹ የለስላሳ መጠጥ ማስታወቂያ ያለባቸው ናቸው። ገንዳው በመድኃኒት ብዛት ዓይን ያቃጥላል፤ በጥልቁ ጫፍ "4 ሜትር" የሚል ጽሑፍ ተቀብቷል፤ የሚዋኝ ግን አንድም ሰው የለም፤ ሁሉም ዙሪያውን ለብሶ ተቀምጦ ውሃውን በሩቁ ያከብራል። የእጮኛው አባት የሲሚንቶ ነጋዴ ነው፤ ወንበሩን ሞልቶ ተረፈ። ሰውየው የሚያየውን ሁሉ ዋጋ ሳይጠይቅ አይተኛም መሰለኝ፤ ገና ሳይቀመጥ የወንበሩን፣ የጥላውን፣ የገንዳውን ሰድር ዋጋ ጠየቀ፤ አስተናጋጁ አላውቅም ባለ ቁጥርም ራሱ ገምቶ ራሱ ረከሰ አለ። ልጁ ስልኩን እያየ ይስቃል። የካፒቴን ልጅ ስልኩን የሚያየውን እያየች ትስቃለች። የተጠበሰ ዓሣ መጣ፤ ዓሣው ካንዱ ሐይቅ ስለመጣ ካፒቴን ስለ ሐይቅ ማውራት ጀመረ፤ ሰዓት ሠሪው ወሬው ሁለት መቶ ሜትር ከመድረሱ በፊት ድንቹን ለመጨረስ ተጣደፈ።

"... ከዚያ በታች ጨለማ ነው" ይላል ካፒቴን። "ብርሃን የለ፣ ድምፅ የለ። እኔና ይቺ ሰዓት ብቻ።" እጁን ዘረጋ፤ አዲሱ መስታወት ፀሐይ አንጸባርቆ የነጋዴውን ዓይን ወጋው።

"ስንት ታወጣለች?"

"ዋጋ የላትም።"

"ኧረ ዋጋ የሌለው ነገር የለም፤ ገዢ ያጣ ነገር ነው ያለው" አለ ነጋዴው። "ውሃ እውነት አይገባትም?"

"ሁለት መቶ ሜትር!"

"ይሄ ልጄም ስልኩን ሲሸጥልኝ ውሃ አይገባውም ብሎኝ ነበር። እጅ ስታጠብ አመለጠኝና ሳምንት ሙሉ ሩዝ ውስጥ ቀብሬው ሰነበትኩ። መጨረሻ ላይ ሩዙን በላነው፣ ስልኩን ጣልነው።"

ጠረጴዛው በሳቅ ተናወጠ። የካፒቴን እህት እንኳ ሳቀች፤ ወንድሟን ስታይ አፏን በጨርቅ ሸፈነች። ካፒቴን ጆሮው ቀላ። "ንገራቸው!" አለና ወደ ሰዓት ሠሪው ዞረ። "የሠራው እሱ ነው። ንገራቸው እስኪ!"

ሰዓት ሠሪው አፉ ውስጥ የነበረውን ዋጠ። የፊት ክፍሏ፣ መጋረጃው፣ ምድጃው በዓይኑ መጡ፤ ሚስቱም ከጠረጴዛው ሥር በጉልበቷ ጎሸመችው። ተነሥቶ ቆመ፤ ለምን እንደቆመ አላወቀም። "ሁሉም ጎማ አዲስ ነው" አለ። "በዚህ በእጄ ነው ያስገባሁት። ለሁለት መቶ ሜትር እኔ ዋስ ነኝ።" አፉ አንዴ ከሄደ አይመለስምና ጨመረበት፤ "ለሦስት መቶም ቢሆን!"

ምላስ አጥንት የለውም፤ ካፒቴን ግን ለምላስ አጥንት ያበቀሉለት ያህል ኮራ። ሰዓቱን ፈታ። ሁሉም ከፍ አድርጎ ሊያሳያቸው መስሏቸው ነበር፤ እሱ ግን ክንዱን እንደ ዓሣ አጥማጅ ወደ ኋላ ስቦ ወደ ጥልቁ ጫፍ ወረወረው። ጥልቅ አለ። ሁሉም ተነሥተው ጠርዙ ላይ ተሰለፉ። ሰዓቱ ከታች፣ ከነጭ ሰድሩ ላይ፣ ጋደም ብሎ ያበራል።

"እንግዲህ ተመልከቱ!" አለ ካፒቴን፤ አስተናጋጁንም በጣቱ ጠራ። "የገንዳውን ሠራተኛ ጥራና ያውጣልን።"

"ምሳ ወጥቷል ጌታዬ" አለ አስተናጋጁ። "ማውጫ መረቡንም ቆልፎበት ነው የሄደው። ሲሻው ይመለሳል።"

ነጋዴው ሆዱን በሁለት እጁ ይዞ ውሃውን አየ፣ ካፒቴንን አየ፣ እንደገና ውሃውን አየ። ክፋት የለበትም፤ ሒሳብ ነው የሚሠራው። "ታዲያ ምን ችግር አለ?" አለ። "ለእርስዎ አራት ሜትር ምንድን ነው? ጉንጭ ነፋ አድርጎ መውረድ አይደለም?"

"ባለሙያ ሆዱ ሞልቶ አይጠልቅም" አለ ካፒቴን ቶሎ ብሎ። "ሕግ ነው።"

"እውነት ነው፤ ዓሣው ከባድ ነበር። እስኪፈጭ እንጠብቅዎታለና!" ነጋዴው ወንበሩን አስመጥቶ ጠርዙ ላይ ተደላደለ። ልጁ ስልኩን አውጥቶ ለመቅረጽ አዘጋጀ። ካፒቴን ስለ ደም ዝውውር አንድ ሁለት ነገር ተናገረ፤ ስለ ጆሮው ታምቡር ተናገረ፤ ገንዳ የሐይቅ ያህል ንጹሕ አለመሆኑንም አስረዳ። ሰዓት ሠሪው አንዱንም አልሰማ። ዓይኑ ታች ነው። አራት ሜትር ውሃ በዚያች በተገለበጠች ጎማ ላይ ተጭኗል፤ ቅባቱ ለጥቂት ጊዜ ያታልለዋል፤ ከዚያ በኋላ ውሃ ቤቱን ያውቃል። የገንዳው ሠራተኛ ምሳው አንቆት ሳምንት እንዲተኛ ለመነ። መረቡ እንዲቀደድ ለመነ። ካፒቴንም ጠርዙ ላይ ቆሞ በልቡ ይህንኑ ይለምን ነበር፤ ሁለቱ ሰዎች ከተዋወቁ ጀምሮ በአንድ ነገር ሲስማሙ ያ የመጀመሪያው ነው።

የካፒቴን ሚስት ሹካዋን አስቀመጠች። ጠረጴዛው ላይ የቀረችው እሷ ብቻ ነበረች፤ ዓሣውን በሥርዓቱ ከአጥንቱ ለይታ ጨርሳዋለች። ጫማዋን አወለቀችና ከወንበሩ ሥር ጎን ለጎን አደረገች። ሹራቧን አጣጥፋ ወንበሩ ላይ ሰቀለች። በሰዎቹ መሀል "እስኪ አሳልፉኝ" ብላ አለፈች፤ እነሱም የፈሰሰ ነገር ልትጠርግ የመጣች መስሏቸው ገለል አሉላት። ጠርዙ ላይ ቆማ ሁለት ጊዜ በቀስታ፣ አንድ ጊዜ በጥልቅ ተነፈሰች። ከዚያ ገባች። ውሃው እንደ በር ተከፍቶ እንደ በር ተዘጋ፤ የልጁ ስልክ ላይ እንኳ ጠብታ አልረጨም።

"እማዬ!" አለች ልጅቷ ዘግይታ።

ከላይ ሲታይ ቀሚሷ በውሃው ውስጥ ተነፍቶ፣ እግሮቿ አንድ ሆነው፣ አቅጣጫዋን ሳትፈልግ ቁልቁል ትሄዳለች። ታች ደርሳ አልተጣደፈችም። ሰዓቱን አነሣች፤ ወለሉን በእጇ ዳበሰችው፣ ሌላ የወደቀ ካለ የምታይ ይመስል። የካፒቴን እህት ጩኸት ልትጀምር አፏን ከፍታ ሳለ፣ እሷ በነጋዴው እግር አጠገብ ብቅ ብላ በክርኗ ተደግፋ ወጣች። አላለከለከችም። ፀጉሯን በእጇ ጨምቃ ተቀመጠች።

"እመቤቴ" አለ ነጋዴው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋጋ ሳይጠይቅ፣ "ይሄንን የት ተማሩት?"

"ሐይቁ ላይ ነዋ" አለች። "ድልድዩ ሲሠራ። እኔና አባቴ የሚወድቅባቸውን ብረት እናወጣላቸው ነበር።"

"ከካፒቴን ጋር?"

"እሱ የጀልባ ትኬት ይቆርጥ ነበር።" አነጋገሯ ነገር የለበትም፤ የሰው ሥራ ተጠይቆ እንደሚነገረው ነው የነገረችው። ያን ሁሉ ዘመን ያልተናገረችውም ምናልባት የሚጠይቃት ጠፍቶ ይሆናል።

የካፒቴን እህት ወንድሟን አላየችም፤ የፕላስቲኩን ሣር አየች። ልጁ ስልኩን ኪሱ ከተተው። ሰዓት ሠሪው የእሷን እጅ ነው የሚያየው። በአዲሱ መስታወት ሥር ውሃው ግማሽ ድረስ ሞልቶ፣ እንደ ግንበኛ ውሃ ልክ ወዲህና ወዲያ ይላል፤ የሰከንዱ ዘንግ ቆሟል። መሙያውን በአውራ ጣቷ ጥፍር ጠቅ አደረገችው፤ ከሥሩ ቅባት የለበሰች አንዲት ጠብታ ወጣች። ቀና ብላ ሰዓት ሠሪውን አየችው። ሁለት መቶ ሜትር፣ ሦስት መቶ ሜትር ዋስ የሆነው አፍ ተከፍቶ ቀረ።

"ጠዋት ጠይቄህ ነበር" አለች። "ነገ በጊዜ ክፈት። እኔው ይዤው እመጣለሁ።"

ሰዓት ሠሪው ስለ ክፍሉ የሚባለውን ለመስማት ወደ ካፒቴን ዞረ። ካፒቴን ግን የሚሰማ አይመስልም፤ በፀሐይ በጠቆረው ክንዱ ላይ ሰዓቱ የነበረበትን ነጭ ቀለበት በቀኝ እጁ ሸፍኖ ቆሟል። የገንዳው ሠራተኛ ጥርሱን እየጎረጎረ፣ መረቡን በትከሻው አድርጎ መጣ። "ምን ወደቀባችሁ?" አለ። ሴትየዋ ሰዓቱን በእርጥብ ቀሚሷ አበሰችና በግራ እጇ አሰረችው፤ ዘለበቱም ሳታየው ከሁሉ በሚጠብቀው ቀዳዳ ገባ።